ለረታች የመስኮቱ ቦታ

ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት በጠባቂው ክንድ ስር ነው። በሩን በአንድ እጁ ገፍቶ ይዞት ስለቆመ፣ ለመግባት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። ከውስጥ የነጭ ጋዝ፣ የእርጥብ ብርድ ልብስና የብዙ ሰው ትንፋሽ ሽታ ተቀበለኝ። ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ሴቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከቆርቆሮው ላይ የተቆረጠች አንዲት መስኮት አለች፤ ከስሯ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ለማንበብና ለመስፋት የሚበቃ ብርሃን ይወርዳል። ሌላው ክፍል ቀኑን ሙሉ ድንግዝግዝ ነው።

«ጠጋ ጠጋ በሉላት እንጂ፣ ልጅቷ ቆማ ቀረች እኮ» አሉ አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ ለቅሶ ቤት የገባሁ ይመስል።

የታሰርኩት ጀግና ሆኜ አይደለም። በኮሌጁ ማደሪያ አጠገቤ የምትተኛው ልጅ ትፈለግ ነበር። እሷ አመለጠች፤ እኔ ተገኘሁ። በቃ ይኸው ነው። ያኔ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። አባቴ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት ነጭ ሆኖ ነው። ከቤተሰባችን ኮሌጅ የረገጥኩ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ትምህርቱ፣ መኝታው፣ ምግቡ ሁሉ በነጻ ባይሆን ኖሮ በሩንም አላየውም ነበር። ስለዚህ ሌሎቹ ስለ ነፍሳቸው ሲጨነቁ እኔ የማስበው ስላመለጠኝ ፈተና ነበር። ይሳቅብኝ ነበር፤ ግን ወደ ኮሌጅ ከመመለስ ሌላ ከዚህ ዓለም የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

በክፍላችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክርክር ይካሄዳል። አገራችን ተማሪ ቤት የገባ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ክርክር ነው፤ «የተከበራችሁ ዳኞች፣ የተከበራችሁ ታዳሚዎች» ተብሎ የሚጀመረው። እኛም አንዲት ነገር ሳናጎድል ነበር የምናደርገው። ማን የትኛውን ወገን እንደሚይዝ የሚለየው በክብሪት እንጨት ዕጣ ነው። ዳኛዋ እኚያ ባለመነጽር ሴትዮ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ስለነበሩ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ጭብጨባው በሁለት ጣት መዳፍ ላይ ነው፣ ጠባቂ እንዳይሰማ። የረታች ለአንድ ሳምንት የመስኮቱን ቦታ ትወስዳለች። እትዬ አጥብቀው የያዙት አንድ ደንብ ነበር፦ የተጠየቀችውን ሳትመልስ የቀረች ተከራካሪ፣ የፈለገ አንደበት ቢኖራት፣ አትረታም።

አንድ ቅዳሜ «መንግሥት የኮሌጅ ትምህርት ለሁሉም በነጻ መስጠት አለበት ወይስ የለበትም?» የሚል ርእስ ወጣ። እኔ ረጅሙን እንጨት አነሳሁ፤ አለበት። አጭሩ የደረሳት ብርድ ልብስ የምጋራት ጓደኛዬ ነበረች። የታሪክ ተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና፣ ነገር ስትጀምር አንዱን ዓይኗን ጨፈን የምታደርግ። እሷም እንደኔ በነጻ የተማረች የድሃ ልጅ ነበረች። እንጨቱ ይህን አይቶላት እንደሆነ ግን እንጃ።

እኔ ስለ አባቴ ቅንድብ ተናገርኩ። ኮሌጅ በክፍያ ቢሆን ኖሮ እኔም ዛሬ ጆንያ ስቋጥር እውል ነበር አልኩ። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። ረታሁ ብዬ መስኮቷን ማየት ጀምሬያለሁ። ጓደኛዬ ተነሳችና ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

«የተከበሩ ዳኛ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የከፈለልሽ ነገ መጥቶ ‹ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ አፍሽም የኔ ነው፣ ዝም በይ› ቢልሽ ምን ትመልሽለታለሽ?»

የማውቀውን ሁሉ አገላበጥኩ፤ የሚሆን ነገር አጣሁ።

«ተከራካሪዋ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስባ ትምጣ» አሉ እትዬ፤ ቦታው ሳይሰጥ አደረ።

ቅዳሜ ሳይደርስ የእስር ቤቱ አዛዥ አስጠራኝ። ክርክሩን ሰምቷል፤ ከመካከላችን ማን እንደነገረው ዛሬም አላውቅም። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ጋበዘኝ።

«ንግግር ትችያለሽ አሉ። ጎበዝ። ለበዓሉ እንግዶች ይመጣሉ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ክርክሩን ታሳዩልናላችሁ። መንግሥት በነጻ ያስተምር የሚለው ወገን ይረታል፤ ለዳኛችሁም ተነግሯታል። ያ ወገን ያንቺ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ዕድለኛ ነሽ። ፋይልሽን አይቼዋለሁ፤ ከባድ ነገር የለበትም። ሥራው ካማረ መስከረም ላይ ትምህርትሽን የማትቀጥይበት ምክንያት አይታየኝም።»

ወደ ክፍሌ ስመለስ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። የማምንበትን ተናግሬ፣ የማምንበት ረትቶ፣ ኮሌጄ ልመለስ ነው! ለጓደኛዬ በሹክሹክታ ነገርኳት።

«ውሰጂው» አለችኝ። «አትጃጃይ። ከፈለግሽ ጥያቄዬን እተወዋለሁ።»

«አትተይው» አልኳት። ለምን እንዳልኳት ያኔ አልገባኝም። ምናልባት ተለማምጬ የረታሁ እንዳይመስል ይሆናል፤ ኩራት ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ፣ እናቴ ሁሌ ትቆጣበት ነበር።

የበዓሉ ቀን ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተረጨበት። እንግዶቹ ለስላሳ መጠጥ እየጠጡ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ እኛ መሬት ላይ። እኔ ተናገርኩ። እንግዶቹ በሙሉ መዳፋቸው አጨበጨቡልኝ፤ እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ከሰማሁ ስለቆየሁ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ጓደኛዬ ተነሳች። ያንኑ ጥያቄ፣ ቃል ሳትቀንስ ጠየቀች።

የምመልሰው ነገር ምላሴ ላይ ነበር፦ «የኛ መንግሥት እንዲህ አይልም።» ይህችን ብቻ ብል ጭብጨባው ይቀልጥ ነበር። ግን ወዲያ ማዶ ያ መጋዘን ይታየኛል፤ ከውስጡ የወጡት ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ያችን ቃል አላልኳትም። ስለ መምህራን እጥረት አንድ ሁለት ነገር ቀባጥሬ ተቀመጥኩ።

እትዬ ተነሱ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«በዳኛው ውሳኔ» አሉ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ፣ «አለበት ያለው ወገን ረትቷል።»

እኚያ ሴትዮ አንድ ቅዳሜ እንኳ አድልተው አያውቁም። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እፍረት መቋቋም አቃተኝ። ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

«የተከበሩ ዳኛ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «የተጠየቅኩትን አልመለስኩም። በደንባችን ያልመለሰች አትረታም። የረታችው እሷ ናት።»

አንዱ እንግዳ የትርዒቱ ክፍል መስሎት ሳቀ። አዛዡ አልሳቀም። እትዬ ግን ቀና አሉ፤ ትከሻቸው ሲቃና አየሁት።

«ልክ ናት» አሉ። «ፍርዱ ተስተካክሏል።»

ከመሬት ላይ፣ ከሴቶቹ መሐል፣ የሁለት ጣት ጭብጨባ ተነሳ። ቆርቆሮ ላይ እንደጀመረ ካፊያ ነበር ድምፁ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተጨብጭቦልኛል ማለት አልችልም፤ የዚያን ያህል ግን የትም አልተጨበጨበልኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። ጆሮዬ ለጥቂት ጊዜ ይጮህብኝ ነበር። ወደ ክፍሉ ስንመለስ ጓደኛዬ የመስኮቱን ቦታ አልወስድም ብላ አስቸገረች። ብርድ ልብሷን ጎትቼ ወስጄ በእጄ አነጠፍኩላት። «ደንብ ደንብ ነው» አልኳት። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ተቀምጣ የሁላችንንም ቀዳዳ ልብስ ስትሰፋ ሰነበተች። መስከረም መጣ፣ ሄደ። የሚቀጥለውም እንደዚሁ። ወደዚያ ኮሌጅ ተመልሼ አልገባሁም።

ይህ ሁሉ አልፎ ከእስር ከወጣሁ በኋላ ነው ኖርዌይ፣ ኦስሎ የመጣሁት። ለዓመታት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠራሁ። ቋንቋውን የለመድኩት ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለሆነ፣ ወጣቶቹ እንደ አሮጊት ነው የምታወሪው ይሉኛል። ባለፈው ዓመት፣ አርባን ልደፍን ስል፣ ነርስነት ልማር ኮሌጅ ገባሁ፤ እዚህ ሆይስኮለ ይሉታል። በነጻ ነው። ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር፣ ከሮምሶስ፣ ባቡር ስሳፈር የትምህርት ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ የማላውቀው ሰው ሁሉ ቢያይልኝ ደስ ይለኛል። ይህም ኩራት ነው፤ ይሁን።

በዚህ የበረዶ ክረምት አስተማሪያችን ለክርክር ርእስ ሰጠችን፦ መንግሥት ኮሌጅን በነጻ ማስተማር አለበት ወይስ የለበትም? ልጆቹ ሳቁ። «ግራቲስ ነው እኮ፣ ምን ያከራክራል?» አሉ፤ በነጻ ነው ማለታቸው ነው። አንድ መላጣነት የጀመረው ወጣት ግን እጁን አወጣ። እንዲህ አለ፦ «የከፈለ ያዝዛል። መንግሥት ካስተማረህ፣ ነገ ሆስፒታል ውስጥ ስህተቱን ስታይ ትናገራለህ?»

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ያው ጥያቄ፣ በኖርዌጂያን። አስተማሪያችን ወደ እኔ ዞራ «አንቺስ?» አለችኝ። «ለማክሰኞ አስቤበት ልምጣ» አልኳት።

እሑድ ከቤተክርስቲያን ስወጣ ግሮንላንድ የሚባለው የኦስሎ ሰፈር ጎራ ብዬ የስልክ ካርድ ገዛሁና አዲስ አበባ ደወልኩ። ጓደኛዬ እዚያ ታሪክ ታስተምራለች። ነገሩን ከነገርኳት በኋላ «አሁንም መልስ የለኝም» አልኳት።

«ማክሰኞ ነው ያልሽኝ?»

«ያ፣ ማክሰኞ።»

«ያ ያ ትያለሽ ደግሞ! አዎ ማለት ተረሳሽ?» ሳቀች፤ ድምፅዋ ያው ጎርናና ነው። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ስሚኝ። የምርሽን ነው ወይስ የቀልድሽን መልስ የለኝም የምትይው?»

«የምሬን።»

«ማነው ያስተማረሽ? መንግሥት። በነጻ። እንግዶቹ ፊት ‹ረትተሻል፣ ተቀበይና ዝም በይ› ያለሽስ? እሱው። ምን አልሽው?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«እኔ ‹ምን ትመልሽለታለሽ› ብዬ ጠየቅኩሽ፤ አንቺ ተነስተሽ ቆመሽ መለስሽ። የዚያን ዕለት ማታ፣ ብርድ ልብሴን ስታነጥፊልኝ ነው የገባኝ። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን እንደዚያ ኮርተሽ ሳይሽ ደስታሽን ማበላሸት አልፈለግኩም። አየሽ፣ ሳምንት ሙሉ የተቀመጥኩት ያንቺ ቦታ ላይ ነው።»

ካርዱ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የደስታ ለቅሶ ነበር። ከኮሌጅ በቀረሁበት ቀን የተሸነፍኩ ይመስለኝ ነበርና።

ማክሰኞ ተነስቼ፣ በአሮጊት ኖርዌጂያኔ፣ ስለ ግቢው ተናገርኩ። ማንንም በስም አልጠራሁም። ለወጣቱ እንዲህ አልኩት፦ «ያስተማረኝ መንግሥት አፌን ሊገዛ ፈልጎ ነበር። የሰጠኝ ትምህርት ግን እምቢ እንድል አደረገኝ። ስለዚህ በነጻ ይስጡ፤ ለሁሉም ይስጡ።» አስተማሪያችን እጅ አስወጣችና ቆጠረች። ወጣቱ ራሱ እጁን አወጣልኝ።

ደወሉ ሳይደወል ቦርሳዬን አነሳሁ። በመስኮቱ በኩል አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ በረዶው ላይ ፀሐይ ወጥታ ጠረጴዛው በብርሃን ተሞልቷል። ሄጄ እዚያ ተቀመጥኩ።