ጋሽ ጠቅ «ይነሳ» ያለ ቀን

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ጠቅ ነው የሚለው። ቁልፍ ሠሪ ነው። በር ላይ ቁልፍ ከገጠመ በኋላ ጆሮውን ለጥፎ ያዞረዋል፤ ጠቅ ካላለ ነቅሎ እንደገና ይጀምራል። ባለቤቱ ቆሞ ቢቁለጨለጭ ደንታም የለው። እኔ ከሱቁ ጎን ክርና አዝራር እሸጣለሁ፤ ስለዚህ ሞረዱንም ምላሱንም ስሰማ ነው የኖርኩት።

በዚያ ሰሞን የሚሰማው ግን ምላሱ ነበር። ሕዝቡ ድምፅ ሊሰጥ ነው። ዕፅ ሲወስድ የተገኘ ሰው የሚታሰርበት ቅጣት እንዳለ ይቀጥል ወይስ ቅጣቱ ቀርቶ ሰውየው ይታከም? ወረቀቱ ላይ ያሉት ምርጫዎች ሁለት ቃል ናቸው፤ ቅጣቱ «ይጽና» ወይም «ይነሳ»። ወንድሜ «ይጽና» የሚለውን በትልቁ ጽፎ ሱቁ በር ላይ ለጠፈ። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ሁሉ ሳይሰበክ አይሄድም። እስር ባይኖር ማን ይፈራል፣ በርን ክፍት ትቶ መተኛት ማለት እኮ ነው ይላል። የሚሰማውም ራሱን ይነቀንቃል። ጋሽ ጠቅ ያለው ሐሰት አይሆንማ።

ሰው የማያውቀው የራሱ ልጅ ሱሰኛ መሆኑን ነው። የምናውቀው እሱ፣ ሚስቱና እኔ ብቻ ነን። ያ እጀ ወርቅ ልጅ፣ ከአባቱ እኩል ሞረድ ይይዝ የነበረው፣ አሁን አጥንቱ ገጦ ቀርቷል። አባቱ መላ ብሎ ያመጣውን ደግሞ ልንገራችሁ። ጓሮ ላለችው ክፍል የብረት በር ገጠመላትና ልጁን አስገብቶ ከውጭ ቆለፈበት። ሱሱ እስኪወጣለት ነው አለ። መክፈቻው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። እናቱ ምግብ የምታቀብለው በመስኮቱ ፍርግርግ ነው። እኔ ቱግ አልኩና፣ ሰው እንዴት ልጁን እንደ ዕቃ ይቆልፋል አልኩት።

«እና ፖሊስ ይቆልፍልኝ?» አለኝ።

ሱቁ በር ላይ የለጠፈውን ላስታውሰው ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት።

የምርጫው ቀን በጠዋት ተነስቶ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ሚስቱ ቁርስ ልታቀብል ብትጣራ መልስ የለም። በፍርግርጉ አጮልቃ ስታይ ልጁ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ለካ ጓደኛ ተብዬው ሲመሽ በዚያችው መስኮት ዕፅ አቀብሎት ኖሯል። ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ በሩን በመዶሻ ትደበድባለች። በሩ ወይ ፍንክች። ማን ገጠመውና።

ምርጫ ጣቢያው ድረስ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ አንዱ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀርቷል። ወንድሜ ሰልፉ ፊት ላይ ቆሞ ጎረቤቶቹን ያስቃል። ጠጋ ብዬ በጆሮው፣ ልጁ ወድቋል፣ ቁልፉን ስጠኝ አልኩት። አልሰጠኝም። ለካ ቁልፉ ትንሽ ወደ ላይ ካላነሱት የማይዞር፣ ከእሱ በቀር ለማንም እንዳይታዘዝ አድርጎ የሠራው ነው። ሰልፉን ጥሎ ፈረጠጠ።

በሩ ላይ ሲደርስ እጁ እምቢ አለው። የሰፈሩን በር ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚከፍት ሰው ቁልፉን ከቀዳዳው ማገናኘት አቃተው። ሚስቱ ክንዱን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችለት፣ ያን ጊዜ ተከፈተ።

ልጁ ትንፋሽ አለው፣ ግን እንደሌለ ቁጠሩት። አምቡላንስ ልጥራ ስል እናቲቱ ስልኬን ያዘች። በዕፅ የወደቀ ከሆነ አምቡላንሱ የሚመጣው ከፖሊስ ጋር ነው፤ ሕጉ እንዲያ ነው። በታክሲ እንውሰደው፣ ሆዱን አሞት ነው እንበል ትላለች። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ ልጁ ደግሞ እጃችን ላይ እየቀዘቀዘ ነው። ሁለታችንም ወደ ወንድሜ ዞርን። የልጁን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ደውዪ» አለኝ። «ይምጡ። ከነፖሊሳቸው ይምጡ።»

መጡ። መርፌ ወጉት፣ አየር ሰጡት፤ መንገድ ላይ ሳለን ዓይኑን ገለጠ። እኔም ነፍሴ መለስ አለች። ሐኪም ቤት ስንደርስ ግን ፖሊሱ ተከትሎ ገባና የልጁን እጅ ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና አሰረው። ካቴናው ሲዘጋ ጠቅ አለ። ወንድሜ ደነገጠ፤ ከዚያ ብድግ ብሎ ወጣ። የት ነው ስለው፣ ድምፄን አልሰጠሁም አለኝ።

ምርጫ ጣቢያው ድረስ ተከተልኩት። ሸሚዙ ላይ የልጁ ትውከት ደርቋል። ሰልፉ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ደንበኞቹ ናቸው፤ ልብስ ሰፊዋ፣ ባለ ዳቦ ቤቱ፣ ጡረተኛው መምህር። አምቡላንሱ ሲያልፍ አይተዋል፤ ውስጡ የተቀመጠውን ፖሊስ ግን አላዩም፤ እናቲቱ ደግሞ ለጠየቃት ሁሉ ሆዱን ነው ብላለች። ከበቡት፤ ልጁ እንዴት ሆነ አሉት። የጣቢያው አስተባባሪ ደግሞ፣ እዚህ ቅስቀሳ ክልክል ነው ስትል ነው የዋለችው፤ አጠገባችን ቆማለች።

«ይነሳ» አለ ወንድሜ። «እባካችሁ፣ ይነሳ በሉ።»

«አሜን፣ ይነሳል» አሉ ሁሉም።

ባለ ዳቦ ቤቱ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገውና፣ ወጣት አይደል እንዴ፣ ነገ ከአልጋው ብድግ ይላል አለው። አስተባባሪዋም ሳትቀር እግዜር ይማረው አለች። ወንድሜ አንድ በአንድ አያቸው። እንደገና «ይነሳ» አለ፣ ድምፁ እየሰለለ። እንደገና አሜን አሉት። ልጄ ሱሰኛ ነው የምትለዋ ነገር ብቻ ናት የጎደለችው፤ እሷ አልወጣ አለችው። እኔ ልናገርለት አፌን ስከፍት ክንዴን ጨምቆ አስቆመኝ። እነሱም ተራ በተራ እየገቡ፣ ሲያስተምራቸው የከረመውን መርጠው ወጡ።

ውጤቱ በማግስቱ ተለጠፈ። በኛ ጣቢያ «ይጽና» በሰፊው አሸነፈ፤ በአገሩም እንዲሁ። ልጁን ከሐኪም ቤት በቀጥታ እስር ቤት ወሰዱት።

ወንድሜ ሱቁን ከፍቶ በሩ ላይ የለጠፈውን ወረቀት በጥፍሩ ይፍቃል። አልላቀቅ ብሎታል። ባለ ዳቦ ቤቱ የተሰበረ ቁልፍ ይዞ ፈገግ እያለ መጣ።

«እንኳን ደስ አለህ ጋሽ ጠቅ፣ አሸነፍን። ልጁስ፣ ተነሳ?»

«አልተነሳም» አለ ወንድሜ። «አሰርነው።»

ባለ ዳቦ ቤቱ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ የተሰበረውን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ወንድሜ ቁልፉን አነሳና ሞረዱን ያዘ። እጁ ግን አሁንም እምቢ አለው።