ዘሀራ፣ ለቤዛ ዛሬውኑ ነገርኳት

ዘሀራ ሞተች ሲሉኝ «የትኛዋ ዘሀራ?» አልኩ። ሾላ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። የደወለችልኝ የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ ስሟን ከነአባቷ ደግማ ነገረችኝ። እኔም ደግሜ ጠየቅኳት። ሐሙስ ዕለት እኮ በስልክ ስንሳሳቅ ነበር። ትናንት ማታ ድንገት ታማ ሆስፒታል ገባች፣ ሲነጋ አረፈች። ቀብሯ ዛሬውኑ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው ተባልኩ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ዘሀራ ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ የተማሪዎች አማካሪ ነበረች። የወሎ ልጅ ናት። ልጄን ቤዛን ከተኛችበት ያስነሳችልኝ እሷ ናት።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። አልቅሳ ስታበቃ፣ «ለቤዛ እንዳትነግሪያት፤ ነገ ፈተና አላት» አለችኝ።

ይህችን ቃል አውቃታለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት የቤዛ አባት ሲሞት፣ ቤዛ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ነበረች። ዘመድ ጎረቤቱ ፈተናዋን ትጨርስ አለ። እኔም እሺ አልኩ። ስትደውል «አባትሽ ታክሲ ይዞ ወጥቷል» አልኳት፤ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶት። ፈተናዋን ጨርሳ ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ ነው መርዶውን የሰማችው። አላለቀሰችም። «ቀበራችሁት?» ብቻ አለች።

ወደ ዩኒቨርሲቲው አልተመለሰችም። እዚሁ ሲኤምሲ፣ ለሳሊተ ምሕረት ቅርብ የሆነ ኮሌጅ አስመዘገብኳት። ጥቂት ጊዜ ሄደች፣ ከዚያ እሱም ቀረ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ጸበል ወሰድኳት። ዓይን ነው ያሉኝም ነበሩ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት በራሴ ነው፤ መጽሐፍም ይሁን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ ያገኘሁትን አነባለሁ። ፈቃድ ልጠይቅላት ኮሌጁ ስሄድ፣ ከሬጅስትራር ቀጥሎ ባለው በር ላይ «የተማሪዎች የምክር አገልግሎት» የሚል አነበብኩ። ለቤዛ ስነግራት፣ «አውቀዋለሁ ማሚ። የሬጅስትራሩ ሰልፍ ፊት ለፊት ነው እኮ። እዛ የገባ ሰው አበደ ነው የሚባለው» አለችኝ።

እሷ እምቢ ስትል እኔ ገባሁ።

ዘሀራ መጀመሪያ ስለ ልጄ አልጠየቀችኝም። «እትዬ፣ ዛሬ ምን በሉ?» አለችኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለማስታወስ ሞከርኩ። ምንም አልበላሁም ነበር። ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ግማሹን አቀረበችልኝ። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ሳልጠይቃት «ሽሮ ነው፣ የጾም ነው» አለችኝ። ያኔ አለቀስኩ።

የመርዶውን ነገር ሁሉ ነገርኳት። አጥፍተዋል አላለችኝም። አላጠፉምም አላለችኝም። «ቤዛ ብትቆጣዎት ዝም ብለው ሊሰሟት ይችላሉ?» አለችኝ።

በማግስቱ ሄጄ በሩ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰልፈኛው ሁሉ ያየኛል። አንዷ የክፍሏ ልጅ ደውላላት ኖሮ ቤዛ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች። «ማሚ በናትሽ ተነሺ፣ ሰው እያየን ነው።»

ዘሀራ ከውስጥ ብቅ አለች። «እናትሽን ልትወስጂ ነው? እዚህ ተፈርሞ ነው የሚወሰደው። ግቢና ፈርሚ።»

ቤዛ ሳይታሰባት ሳቀች። ስንት ጊዜዬ ያንን ሳቅ ከሰማሁ። ገባች፣ በሩም ተዘጋ። ሊዘጋ ሲል «ዛሬ ምን በላሽ?» ስትላት ሰማሁ።

ከዚያ በየሳምንቱ ሄደች። ዘሀራ ሐኪም የሚያስፈልጋት መሆኑን ስታይ ራሷ ሆስፒታል ይዛን ሄደች፤ ጸበሉ ጸበል ነው፣ መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጡ አለችን። አንድ ቀን ቤዛ ቤት ገብታ ፊት ለፊቴ ቆመች። «አባቴን አፈር ሳላለብስ አስቀረሽኝ» አለችኝ። ሌላም ብዙ ተናገረችኝ። ዝም ብዬ ሰማኋት። ቀላል አልነበረም። ያን ማታ ግን ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ተኛች።

ዛሬ ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ እህቴ ልክ ሳትሆን አትቀርም እያልኩ ነበር። ወደ ኮሌጁ ተመልሳ አሁን የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ነገ ማታ ብነግራት ምን አለበት?

ቤዛ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ ታነባለች። አጠገቧ ተቀምጬ «ቁርስ በላሽ?» አልኳት። «በላሁ» አለችና ፊቴን አየችው። «ማን ነው?»

«ዘሀራ ሞተች» አልኳት።

መጽሐፉን ከደነችው። «ቀበሯት?» አለችኝ።

«ገና ነው። እንደርሳለን።»

ደረስን። ጀናዛው ከዘሀራ ቤት ግቢ ሲወጣ ቤዛ በሩ ላይ ቆማ ሸኘች፣ ድምጿን አውጥታ አለቀሰች። የዘሀራ እህት ማን እንደሆነች እንኳ ሳትጠይቅ አቀፈቻት። ከልቅሶው መሐል አንዳንዱ ያኔ ያላለቀሰችው የአባቷ ልቅሶ መሰለኝ።

የነገውን ፈተና ትፈተን ወይም ታስተላልፍ፣ ውሳኔው የራሷ ነው።

ይህን የምታነቡ ተማሪዎች፣ እንዲህ ያለ በር በእናንተም ኮሌጅ ካለ ግቡ። እፍረቱ ሰልፉን እስክታልፉ ነው። የምንወዳችሁ ሰዎችም እንሳሳታለን፤ ለእናንተ ብለን።

ዘሀራ፣ የእኔ ደግ፣ የዛሬውን ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። አሁን ግን ቤዛ ሽሮ ሠርታ «ማሚ፣ ይቀዘቅዛል» እያለችኝ ነው። አብረን እንበላለን። ፈጣሪ በጀነት ያኑርሽ። ደኅና ሁኚ።