ባትሪዋ የማይሞላው የጋሽ ተፈራ ፔጆ

በዚያ ቅዳሜ ጋሽ ተፈራ ግቢ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛ ጋሽ ተፈራ ራሳቸው፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር። ሁለተኛ ልጃቸው ሲስተር ሰብለ፣ ነርስ፣ አብራቸው የምትኖር። ሦስተኛ ታናሽ ወንድሟ ዳንኤል፣ ለአራት ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ። አራተኛ አው ዩሱፍ፣ የጋሽ ተፈራ የዕድሜ ልክ ወዳጅ፣ ቤታቸው በአሮጌው የሐረር ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ፣ ሰንጋ በር አጠገብ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ስም የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው እሑድ በጋሽ ተፈራ አርባ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሳህኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጬ፣ ዳንኤል የዚያን ቀን ታሪክ ለዘመዶቹ ሲያወራ ሰማሁት። ጥሩ አድርጎ አወራው። ሰውም ሳቀ፤ ወደ እኔም እየጠቆመ አስተዋወቀኝ። ታሪኩ ግን አንድ ነገር ጎድሎት ነበር። እኔም አላሟላሁለትም።

ያን ጊዜ ከአሮጌው ከተማ ውጭ፣ ከአንድ የጎማ ጥገና ጎን፣ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ሬዲዮና ስታቢላይዘር እጠግን ነበር። የመኪና ኤሌክትሪክ ማንም አላስተማረኝም። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የጥገና መጽሐፍ፣ ስልኬ ላይ የማያቸው ቪዲዮዎች፣ ያገለገለ ቴስተርና አንድ ደብተር ነበሩኝ። የለካሁትን ሁሉ ደብተሩ ላይ እጽፍ ነበር። ደብተሩ አሁንም አለ፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ቁጥሮች ከእሱ ነው የገለበጥኳቸው።

የጋሽ ተፈራ ፔጆ ስምንት ወር ሙሉ አስቸግራለች። ሦስት ቀን በደንብ ትነሳና በአራተኛው ቀን ባትሪዋ ሞቶ ይገኛል። መንገድ ላይ ቀዩ የባትሪ መብራት ብልጭ ይልና ይጠፋል። ባትሪ ሁለቴ ተቀየረ። ሦስት ጋራዥ ገባች፤ ሦስቱም ቦታ ጤነኛ ነች ተባለ። ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ ሕመሙ የሚተወው ሰው አይጠፋም፤ እሷም እንደዚያ ነበረች።

መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች ጥፋቱ የሌላ መሆን አለበት። በዚያው ሰሞን ጋሽ ተፈራ የቤት ቁልፍ ጥለዋል፤ ሰብለንም አንድ ሁለቴ በሟች እናቷ ስም ጠርተዋታል። ስለዚህ ልጆቹ፣ አባታችን መብራት ሳያጠፉ እየወረዱ ነው ብለው ደመደሙ። ዳንኤል ለመኪናዋ ገዥ አገኘ። ገዥው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊመጣ ተቀጠረ። እኔ የተጠራሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ጋሽ ተፈራ “አንድ ሰው ይይልኝ” ብለው ስለለመኑ።

ዳንኤል በሩ ላይ ጠብቆ ወደ ጎን ወሰደኝ።

“ስማ ወንድሜ፣ እሳቸውን ደስ ለማሰኘት ብለህ ምንም እንዳትፈጥር። ችግር የለባትም ካልክ የለባትም ነው። ይኼ የመኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ገደል ያለበት መንገድ ነው የሚነዱት።”

ልክ ነበር። እኔ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መኪና ልለካ የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

ኮፈኑን ከፍቼ ጀመርኩ። ባትሪው 12.6 ቮልት። ሞተሩ ተነስቶ 14.1፤ ዲናሞው በሚገባ ይሞላል ማለት ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ አልላላም። ሁሉም ነገር ጠፍቶ የሚሾልክ ኃይል የለም። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚያሰኙ ቁጥሮች ናቸው። ያን ቀን ግን እያንዳንዱ ጥሩ ቁጥር በሽማግሌው ላይ የሚመሰክር ነበር። ጋሽ ተፈራ ከጎኔ ቆመው እንደ ተማሪ ደብተሬን አሻግረው ያነባሉ።

“ጠዋት ስትነሳ ይሸተኛል” አሉ ቀስ ብለው። “የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል። ይኼ የቾክ እጀታም ይሞቃል።”

“አባባ፣ ይኼን እንኳ ተዉት” አለች ሰብለ። በቁጣ አይደለም፤ ልትሸፍንላቸው ነው።

አው ዩሱፍ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ዘይቱን ይበሉ ነበር። “ወላሂ፣ እኔም አሸትቻለሁ።”

“አው ዩሱፍ፣ እርስዎ ሶፊ የሚያደርስዎ ሰው እንዳያጡ ብለው ነው” አለ ዳንኤል።

“እሱም አለበት” አሉ ሳያፍሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሶፊ የብርቱካን እርሻ አላቸው፤ በየሳምንቱ ሁለቱ ሽማግሌዎች በዚያች ፔጆ ይሄዱ ነበር።

“የቾክ እጀታ ይሞቃል” ብዬ ጻፍኩ። የቾክ ሽቦ ጠዋት ሞተር ለማስነሳት በእጅ የሚሳብ ተራ ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያልፍበትም፤ ሊሞቅም አይገባም። ሰውዬው ያልሆነውን እያወሩ ነው፤ አለዚያም ኤሌክትሪክ በማያልፍበት እያለፈ ነው። ኤሌክትሪክ ደግሞ በሌላ መንገድ የሚሄደው የራሱ መንገድ ሲዘጋ ነው።

ዲናሞው የሚያመነጨው ኃይል ባትሪ ደርሶ የሚመለስበት መንገድ አለው፤ ሞተሩንና ቦዲውን የሚያያይዝ ወፍራም ሽቦ ነው፣ መካኒኮች ማሳ ይሉታል። አንዱን የቴስተር ጫፍ ከባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር አሰርኩ። ሽቦ ቀጥዬ በመስኮት አስገባሁና ቴስተሩን ጉልበቴ ላይ ይዤ ከፊት ተቀመጥኩ። ማሳው ጤነኛ ከሆነ ቁጥሩ ዜሮ አጠገብ ይቆማል። አው ዩሱፍ ሳይጠሩ ከኋላ ገቡ። ልጆቹ ቤት ቀሩ።

በኤረር በር በኩል ወደ ሶፊ ወረድን። ጥቅምት ነበር። ዝናቡ ካቆመ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ማሽላው ከመኪናዋ ጣሪያ በላይ ቆሞ አናቱ ቀልቷል። መንገዱ ዳር ሴቶች ዘይቱን በቅርጫት ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሽታው በመስኮት ይገባል። እኔ ግን ዓይኔ ከቴስተሩ አልተነቀለም። 0.05። ወረድን፣ 0.05። ሜዳ ላይ፣ 0.05። ጋሽ ተፈራ አይጠይቁኝም። ጠይቀውኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

“ይመለሱ” አልኳቸው። “የፊት መብራቱንም ያብሩልኝ፤ ጫና ይኑርባት።”

መብራቱን አበሩ። አቀበቱ ጠመዝማዛ ላይ ጫት የጫኑ ሁለት አህዮች መንገዱን ይዘውት ነበር። ጋሽ ተፈራ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ መስጫውን ረገጡት። ሞተሩ ኮፈኑ ሥር ወደ ጎን ዘንበል ሲል ተሰማኝ፤ ቴስተሩ ከ0.05 ተነስቶ 1.9 ላይ ወጣ። ቀዩ መብራት በራ።

“ያቁሙ ጋሼ።”

ዳር ይዘው አቆሙ። እጃቸው መሪው ላይ እንዳለ ነው። “አየኸው?”

“አየሁት።”

“በዓይንህ?”

“በዓይኔም በቴስተሩም።”

ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞረው ማሽላውን ሲያዩ ቆዩ።

ኮፈኑን ከፍቼ ማሳው ቦዲው ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፈታሁት። ከሥሩ ብረት አልነበረም፤ ቀለም ነበር፤ ልስልስ ያለ ውሃ ሰማያዊ ቀለም። የምስር ፍሬ የምታህል አንዲት ቦታ ብቻ ተፍቃ ታበራለች። ሜዳ ላይ ሽቦው በዚያች ነጥብ ይነካል። አቀበት ላይ ሞተሩ ሲዘም ይስበውና ይለቃል፤ ያን ጊዜ ኃይሉ በቾክ ሽቦ በኩል መመለሻ ይፈልጋል። ጋራዦቹ ሁሉ ያዩዋት ሜዳ ላይ ቆማ ነው።

ሐረር ሠርግ ሲደርስ ግድግዳ ይቀባል። ከስምንት ወር በፊት ለዳንኤል ሠርግ ጋሽ ተፈራ ግቢውን አስቀብተው ሲያበቁ መኪናዋንም ጨመሩ፤ ኮፈኑን ከፍተው ውስጧም ሳይቀር ይቀባልኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ቀቢው ሽቦውን ፈትቶ ቀባና ቀለሙ ላይ መልሶ አሰረው።

“ሰው ለሠርግ ቤቱን ያስቀባል” አሉ አው ዩሱፍ ከኋላዬ አጎንብሰው። “አንተ የመኪናህን አንጀት አስቀባህ።”

ጋሽ ተፈራ ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ግራሶ ቀብቼ አጥብቄ አሰርኩት። የቀረውን አቀበት በ0.04 ወጣን።

ግቢ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። “መብራቱን ያጥፉት” አልኳቸው። “አጥፍቻለሁ” ብለው ከአው ዩሱፍ ጋር ወደ ምሳ ገቡ። እኔ ሽቦዬን ጠቅልዬ እጄን ታጠብኩና፣ ከመግባቴ በፊት ባትሪውን ለመጨረሻ ጊዜ ለካሁት። 12.2። ሲሞላ ለመጣ ባትሪ መሆን የሌለበት ቁጥር ነው። አዲስ ስህተት የሠራሁ መሰለኝ። ዞሬ የፊት መብራቱን በመዳፌ ከለልኩት። ፀሐይ ላይ አይታይም እንጂ ይበራ ነበር።

ገብቼ ማጥፊያውን ስጫን ጋሽ ተፈራ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ወረዱና አጠገቤ መጡ።

“አጥፍቻለሁ ብዬህ ነበር አይደል?”

“አዎ ጋሼ። ይሆናል፣ ስንደሰት...”

“ተው።” እንደ መምህር ነው የተናገሩት። “የመጀመሪያው አይደለም።”

 እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

“የሽቦውን አንተ ንገራቸው። የመብራቱን እኔ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ግን አይደለም።”

ገባሁና የሽቦውን ነገርኳቸው። ሰማያዊ ቀለም የያዘውን ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ዳንኤል አገላብጦ አየውና ተነስቶ የአባቱን ጉልበት ሳመ። ለገዥውም ደውሎ እንዳይመጣ ነገረው። ሰብለ አለቀሰች። ጋሽ ተፈራ ቀና ብለው አላዩኝም። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ እንጀራውን ግን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ነዱ። ሰማያዊዋን መኪና መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ማን ማን እንዳለባት፣ በየት በኩል እንደምትሄድ ሳላጣራ ሥራዬን አልቀጥልም ነበር። አምቡላንስ ሲያልፍ ከክፍሌ እወጣ ነበር። ምንም አልደረሰም። አንድ ቀን ራሳቸው ቁልፉን ለሰብለ ሰጡ፤ ዓይኔ ደከመ አሉ። የሞቱትም አልጋቸው ላይ፣ በእርጅና ነው። ምንም አለመድረሱ ግን ልክ መሆኔን አይነግረኝም። እንዲህ ያለውን ነገር የምለካበት የለኝም።

አንድ ያየሁት ነገር አለ። ከዚያ ወር ወዲህ አው ዩሱፍ ከመኪናዋ በወረዱ ቁጥር ወዲያው አይሄዱም፤ በፊት በኩል ዞረው መብራቱን በመዳፋቸው ከለል አድርገው ያዩ ነበር። ማን አስተማራቸው? ወይስ ያን ቀን በመስኮት አይተውኝ ነው?

ሲስተር ሰብለ፣ ዳንኤል፣ አው ዩሱፍ፦ እኔ የማውቀው ይኼን ያህል ነው። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ የረሳሁት ካለ ጨምሩበት። ጋሽ ተፈራ የመብራቱን ነገር ለአንዳችሁ ነግረዋችሁ ከሆነ ግን፣ መቼና በምን ቃል እንደነገሯችሁ ጻፉልኝ። ካልነገሯችሁም ጻፉልኝ።