ወለተጻድቅ እና የባንዳው ዓይን

ወለተጻድቅ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት በወረንጦ በመንቀል በኮልፌ የታወቀች ነበረች። ሙያውን የተማረችው ከእናቷ ነው፤ ፊደል ባትቆጥርም ዓይንን ታውቃለች።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ረፋድ ላይ፣ ገረሱ የሚባል ባንዳ በሯን በእግሩ በርግዶ ገባ። ወንድሟን በዛብህን "ለአርበኞች ጥይት ያቀብላል" ብሎ ያስያዘው እሱ ነው። በዛብህ ከተወሰደ አምስት ወር ሆኖታል፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

"ሁለቱም ዓይኔ አሸዋ የሞላበት ይመስለኛል። ሽፋሽፍቱን ነቅለሽ ገላግዪኝ" አላት።

"ጌቶችህ ሐኪም የላቸውም?"

"ለእኛ ቢጤ ጊዜ የላቸውም። እጅሽ ቢስት ደግሞ ይሄ ጠመንጃ አይስትም።"

ደጃፉ ላይ ፀሐይ ፊት አስቀመጠችውና የዓይኑን ቆብ ገለበጠች። ውስጡ ቀልቷል። ሽፋሽፍት አቧራ እንዲመልስ የተሰጠ አጥር ነው፤ የገረሱ ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ዓይኑን በጨፈነ በገለጠ ቁጥር ይፍቀዋል። በብሌኑ ፊት ያለችው እንደ ውሃ የጠራች ስስ ሽፋን ከዳር መደፍረስ ጀምራለች። እሷ ከደፈረሰች ብሌን ቢከፈትም ብርሃን አይገባም። እንባው ሊያጥበው ይወርዳል፤ ፀጉሩን ግን አይነቅልለትም።

ወረንጦውን አስጠግታ ቆመች።

"ወንድሜን የት ጣላችሁት?"

ሊነሳ ሲል ግንባሩን ጫን አድርጋ ያዘችው። "አትነቃነቅ። ጫፉ ብሌንህ ላይ ነው።"

"ትሞቻለሽ!"

"እሞታለሁ። አንተም ዕድሜ ልክህን በመሪ ትሄዳለህ።"

ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። "ከወንዙ ማዶ… ከሾላው ሥር" አለ በመጨረሻ።

አንድ ጊዜ ብትወጋው ያልቅለት ነበር። ያስቆማት ምሕረት አይደለም፤ ከሞተች በዛብህን የሚያወጣው ሰው አይኖርም። ጥርሷን ነክሳ የሁለቱንም ዓይኖቹን ፀጉር አንድ በአንድ ነቀለች። ለሰው ሁሉ የምትለውን "አይዞህ" ለእሱ አላለችውም። ገረሱ ጠመንጃውን አነሳ፤ ግን ነገም የሚነቅልለት እጅ የእሷ ነውና ሳይተኩስ ወጣ።

በማግስቱ ከጎረቤቷ ከመገርሳ ጋር ሾላው ሥር ቆፈሩ። በዛብህን በቀበቶው ለይታ፣ ወስዳ በቤተ ክርስቲያን አስቀበረችው። ከዚያ ቤቷን ዘግታ ወደ መናገሻ ጫካ፣ ወደ አርበኞች ገባች።

የተነቀለ ሽፋሽፍት በወሩ መልሶ ይበቅላል። ገረሱ በወሩ ሲመጣ ያገኘው ባዶ ቤት ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወለተጻድቅ ገበያ መሃል አየችው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ነጭ ለብሰው፣ በዱላው መንገዱን ይዳስሳል። "ማን ነው?" አለ፣ ኮቴዋን ሰምቶ።

ዱላውን ተሻግራ አለፈች።