ጋሼ ፍስሐ አላውቀውም ያሉት ጽሑፍ

የኮምፓስ ጫፍ በደረቅ እንጨት ላይ ሲፋቅ፦ ክርር… ክርር። ጋሼ ፍስሐ በዓለም ካሉ ድምፆች ሁሉ አምርረው የሚጠሉት ይህን ነበር። ፍቼ ላይ የእጅ ሥራ መምህር ሳሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙረው የመሮና የመጋዝ ሥዕል ሲስሉ፣ ከኋላ መደዳ ያ ድምፅ ይነሣል። ዞር ሲሉ ስድሳ ልጅ እጁን አጣምሮ፣ መልአክ መስሎ ተቀምጧል። ክረምት ገብቶ ተማሪው ሲበተን ዴስኮቹን በረንዳ ላይ ደርድረው፣ በጠርሙስ ስባሪ እየፋቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያሹ የዓመቱን ስም ሁሉ ያጠፉ ነበር። «በደብተሩ ላይ ስሙን የጻፈ ልጅ ተማረ ይባላል» ይሉ ነበር፣ የእንጨቱን ብናኝ ከቅንድባቸው እየጠረጉ፤ «በሰው ዕቃ ላይ የጻፈ ግን ውሻ ከግንድ ሥር እግሩን እንደሚያነሣው ነው።»

ዕድሜ ወስዶ ወስዶ ሎስ አንጀለስ ሲያደርሳቸውም ሥራቸው ከዚሁ ብዙ አልራቀም። የዲቪ ዕጣ ደርሷቸው ከመጡ ወዲህ፣ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ካሉት ሙዚየሞች በአንዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጥበቃነት አገለገሉ። ከፌርፋክስ አፓርታማቸው በእግራቸው ሄደው፣ ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው አንዲት ክፍል ውስጥ ይቆማሉ። በቀን መቶ ጊዜ የሚናገሩትም አንድ ነገር ነው፦ «ፕሊስ፣ ዶንት ተች።» በዚያች ክፍል ከካምቦዲያ የመጣች፣ ክንዶቿ የተሰበሩ፣ ፈገግ ያለች የድንጋይ ሴት ነበረች። ጎብኚ ሳይገባ በፊት ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ይሏት ነበር። ጡረታ ሲወጡ አገሯን ሊያዩላት ተመኙ።

«ሂድ እንጂ ጋሼ!» ያላቸው ፍሬአብ ነው። «እኔ ከጓደኞቼ ጋር ሄጃለሁ እኮ። ላይክ፣ ዋው ነው። ግን ትልቁን ቤተ መቅደስ ብቻ አይተህ እንዳትመለስ። ከሱ ራቅ ብላ፣ ጫካ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቤተ መቅደስ አለች። የምሥራቁን ግድግዳ ሳታይ እንዳትመጣ፤ ሰርፕራይዝ አለህ።»

ፍሬአብ ፌርፋክስ ላይ የባልትና ሱቅ ያላት የካሳነሽ የወንድም ልጅ ነው። በአሥር ዓመቱ ከአዲስ አበባ አምጥታ ያሳደገችው እሷ ናት። ፊደል ያስቆጠሩት ግን ጋሼ ፍስሐ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በሱቁ ጓዳ፣ የበርበሬ ከረጢት ላይ አስቀምጠው። ልጁ «አ»ን ሲጽፍ አንዱን እግሯን እንደ አንካሳ ወደ ውጭ ይጥላት ነበር። ስንቴ ቢያርሙት አልተወም። አሁን ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የራጅ ባለሙያ ሆኗል። ጋሼ ፍስሐን ዓይን ሐኪም ዘንድ ድራይቭ አድርጎ የሚወስዳቸው፣ ስልካቸው እምቢ ሲል የሚያስተካክልላቸው እሱ ነው። የራሳቸው ወንድ ልጅ የላቸውም፤ «የኔ» የሚሉት እሱን ነበር።

ስለዚህ ካሳነሽ ሽማግሌ እንዲሆኑላት ስትለምናቸው ለአንድ አፍታ እንኳ አላመነቱም። ፍሬአብ ሔለን የምትባል፣ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር የምትኖር የአቶ አለማየሁን ልጅ ወድዷል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቆሞ የሚናገረው ግን አንድ ነው፣ እሱም ጋሼ ፍስሐ። የልጅቱ አባት «የልጁን ጠባይ ታውቃላችሁ ወይ?» ሲሉ መልስ የሚሰጠው ያው ቆሞ የሚናገረው ነው፤ ትዳሩ ነገ ቢጣመም «ምን ብለህ ነበር?» የሚባለውም እሱ ነው። ጋሼ ፍስሐ የሚሉትን አስቀድመው በልባቸው አሰናድተዋል፦ «ልጃችን ጨዋ ነው፤ የሰው አይነካም።» ቀኑ ከመንገድ በሚመለሱበት ሳምንት እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ።

ካምቦዲያ ላይ ያስጎበኛቸው ሶፋል የሚባል ቀጭን ጎልማሳ ነበር። ትልቁን መቅደስ ያዩ ዕለት ጋሼ ፍስሐ እንደ ልጅ ተገረሙ። ድንጋዩ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ተገጣጥሞ፣ በመጋጠሚያው ምላጭ አያስገባም። በየግድግዳው የተቀረጹት ጨፋሪዎች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ የአንዷ የጸጉር አበባ ከሌላዋ አይመሳሰልም። «ይህን የሠራ ሰው ችኮላ የሚባል አያውቅም» አሉ ለራሳቸው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የሌሊት ወፍ ሽንት ከጣሪያው እየወረደ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ይህስ ይሁን፣ አውሬ ነው። ሰው የሚያደርገው ነበር የባሰው። እጅ የሚደርስባቸው የጨፋሪዎቹ ጡቶች ከመዳበስ ብዛት ጠቁረው፣ በላብ ወዝተው እንደ ቅባት ያብለጨልጩ ነበር። አንድ ቁምጣ የለበሰ ሰውዬ ሁለት መዳፉን በሁለቱ ላይ ለጥፎ ምላሱን አውጥቶ ፎቶ ይነሣል፤ ሚስቱ ትንከተከታለች። የአንዷን ዓይን የታኘከ ማስቲካ ደፍኖታል፤ የጥርስ ምልክቱ ሳይቀር ይታያል። ጋሼ ፍስሐ «ፕሊስ፣ ዶንት ተች» አሉ፣ በለመደ አፋቸው። ሰውዬው ዞር ብሎ አያቸው፤ ሰማያዊው ኮት የለም። «ሪላክስ፣ ግራንፓ» ብሎ ቀጠለ።

በማግስቱ ወደ ትንሿ ሄዱ። ጫካው ውስጥ ጸጥ ብላለች፤ የዛፍ ሥር ግንቧን አቅፏታል። ሶፋል በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሚስተር ፍስሐ፣ አንድ ምሥጢር ላሳይዎት። ብዙ አስጎብኚ አያውቀውም።»

ከአንዲት ጨፋሪ ፊት ቆመ። ወገቧን ሰበር፣ ጣቶቿን ወደ ኋላ ቀልበስ ያደረገች ናት። በሆዷ ላይ፣ ከእምብርቷ ከፍ ብሎ፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ ተፍቋል።

«እኔ የማመጣው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የሚያነበው ግን አልተገኘም» አለ ሶፋል። «አንድ ጎብኚ የጥንት መነኩሴ ጸሎት ሳይሆን አይቀርም አለኝ፤ እኔም ለሰው እንዲሁ እላለሁ። ከመንደሩ አንዲት አሮጊት አበባ ያኖሩላታል።»

እውነትም ከጨፋሪዋ እግር ሥር ግማሹ የጠወለገ የሎተስ አበባ ነበር። ጋሼ ፍስሐ መነጽራቸውን አወጡ።

«ፍሬአብ ዘሔለን። ፌርፋክስ ፳፻፲፭።»

ሁለተኛ ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ያቺ አንካሳዋ «አ» እግሯን ወደ ውጭ ጥላ ቆማለች። ፍቅፋቂው ገና አልጠቆረም፤ ጠርዙ ነጭ ነው፣ እንደ ቁስል አፍ። አንዱ ጭረት ስቶ ወርዶ የጨፋሪዋን እምብርት ሰንጥቆታል።

«እርስዎ ከአፍሪካ ነዎት» አለ ሶፋል በተስፋ። «እንዲህ ያለ ጽሕፈት አይተው ያውቃሉ?»

ጋሼ ፍስሐ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አላውቀውም» አሉ። ሶፋል ዓይኑን አላነሣላቸውም፤ እሳቸውም ጨመሩበት፦ «የየት አገር እንደሆነም እንጃ።»

ያን ዕለት እህል በአፋቸው አልዞረም። ሆቴል ገብተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ቆይተው ደግመው ታጠቡ። የነኩት ነገር አልነበረም።

ሎስ አንጀለስ በገቡ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ካሳነሽ ሱቅ ሄዱ። ሽምግልናው በማግስቱ ነው። ጓዳው እንደ ወትሮው የኮረሪማና የድልህ ሽታ ታፍኖበታል። ካሳነሽ ሽሮ በኪሎ እየቋጠረች ነበር።

«እሰይ! ሽማግሌያችን መጡ! ምነው ግን ከሱ? እዚያ አገር ጉንዳን ነው ወይ የሚያበሉት?»

«ደኅና ነኝ ካሳነሽ። ልጁ የለም?» አሉ፣ የበርበሬ ከረጢቱ ላይ አረፍ ብለው።

«መኪና ፓርክ ሊያደርግ ነው፣ መጣ። ለነገ ሱፍ ገዝቶልዎታል፤ ‹ጋሼ በሙዚየሙ ኮት እንዳይመጣብኝ› እያለ።»

ፍሬአብ አንድ ካርቶን ታቅፎ ገባ። ገና ሲያያቸው ፊቱ በራ። ጉንጫቸውን ሳመና ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ጣለ።

«ጋሼ! አየሃት? ትንሿን? ፋይንድ አደረግካት?»

«አየኋት።»

«ኖ ዌይ! አክስቴ፣ አላልኩሽም? ጋሼ ብቻ ነው የሚያነባት አላልኩሽም?»

«በምን ጻፍከው?»

«በቤቴ ቁልፍ። አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ድንጋዩ ቀላል እንዳይመስልህ። ልጆቹ ሰው ሲመጣ ያፏጩልኝ ነበር።»

ካሳነሽ ሳቋ አመለጣት። «ወይ የኔ ጉድ! እዚህ አንዲት ሚስማር ምታልኝ ብለው ሦስት ወር ያስለምነኛል!»

«በሆዷ ላይ ለምን?» አሉ ጋሼ ፍስሐ።

«እህ?»

«ስንት ባዶ ድንጋይ ነበር። በሆዷ ላይ ለምን?»

«ለስላሳ ስፖት ፈልጌ ነዋ።» ፍሬአብ ትከሻውን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ድንጋይ እኮ ናት። ደግሞ ይኸን እየው፤ ትላንት ነው የመጣው።»

ካርቶኑን ከፈተ። ሁለት መቶ የሠርግ መጥሪያ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው። በፊቱ ላይ ፎቶ ታትሟል፦ ፍሬአብ ጨፋሪዋን በአንገቷ አቅፎ፣ ቁልፉን እንደ ዋንጫ ወደ ላይ አንሥቶ ይስቃል። ጣቶቹ በድንጋዩ ዱቄት ነጥተዋል። ከሥሩም «ፍቅራችን በድንጋይ ላይ» ይላል።

ጋሼ ፍስሐ ካርዱን በሁለት ጣታቸው ጫፍ ያዙት፤ የሞተ አይጥ በጭራዋ እንደሚይዝ ሰው።

«ሽማግሌ ሳይላክ መጥሪያ?»

«ፍሬአብ አሜሪካዊ ነው፣ ምን ይደረግ» አለች ካሳነሽ። «ልጅቱስ ብትሆን ፎቶውን ስታይ በደስታ አለቀሰች አሉ። አባትዮው ደግሞ ‹ፊደላችን እስያ ገባ› ብለው ለሰው ሁሉ ያሳያሉ።»

«ያስጠላል» አሉ ጋሼ ፍስሐ።

ካሳነሽ የሽሮ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። እኒህን ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ሲያወጡ ሰምታ አታውቅም።

«ምኑ?» አለ ፍሬአብ።

«ሁሉም። ዱቄቱ። ሳቅህ። አንዲት አሮጊት ከጽሑፍህ ሥር አበባ ታኖራለች፣ የመነኩሴ ጸሎት መስሏት። አንተ ቁልፍህን ጠርገህ ኪስህ ከተትክ።»

«ኦኬ፣ ሶሪ! ሶሪ ጋሼ። ግን ሁሉም ሰው ይጽፋል፤ እዚያ ቻይንኛ አለ፣ ፈረንሳይኛ አለ። የኛስ ቢኖር? አንተ አይደለህ እንዴ ‹ፊደሉ እንዳይጠፋ› ስትለኝ ያደግኸው… ያሳደግኸኝ? ይኸው፣ እዚያ አይጠፋም!»

ይህ ንግግር ከሁሉም ይልቅ ጋሼ ፍስሐን አሳመማቸው። ግራ ገብቷቸው ካርዱን ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት።

«አስጎብኚው ጽሕፈቱን ያውቁታል ወይ አለኝ» አሉ በመጨረሻ። «አላውቀውም አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ስንቱን ፊደል አስቆጥሬ፣ የየት አገር እንደሆነ እንጃ አልኩ። ሰውዬው አምኖኝ ሄደ።»

ፍሬአብ የካርቶኑን ክዳን መለሰ። ከሳቁ ውስጥ አንድ ነገር የጎደለ መሰለ፤ ወደ አክስቱ አየ።

«አንድ ነገር ብቻ አድርግ» አሉ ጋሼ ፍስሐ። «እነዚህን ጣላቸው። ለመቅደሱ ጠባቂዎች ‹እኔ ነኝ› ብለህ ጻፍ፤ እንግሊዝኛውን አንተ ታውቃለህ። ነገ ከመናገሬ በፊት ለአቶ አለማየሁም ጥፋት እንደሆነ ንገራቸው። ያኔ እቆምልሃለሁ።»

«ጋሼ፣ ከጻፍኩማ ችግር ነው እኮ! ቢከሱኝስ? የሥራ ላይሰንሴስ? ሆስፒታሉ ቢሰማ? ደግሞ ካርዱ ታትሟል!»

ካሳነሽ ማንኪያዋን አስቀምጣ ቀረበቻቸው። ድምፅዋ ለስላሳ፣ ፊቷም ደስ ያለው ነበር፤ ከጭንቅ የገላገላቸው መስሏታል።

«ጋሼ ፍስሐ፣ ይስሙኝ። እርስዎ እኮ የሚያደርጉትን አድርገዋል። አላውቀውም አሉ፣ አበቃ። ይህን ማለትዎን ማን ያውቃል? እኛው ሦስታችን። ደግ አደረጉ! ገመናችንን ሸፈኑ። ነገም ‹ጨዋ ነው› ይበሉና እንጨርስ። አንዴ ያሉትን ሁለተኛ ቢሉት ምን ይከብዳል?»

ጋሼ ፍስሐ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ልጁን አዩት። ፍሬአብ ዓይኑን ካርቶኑ ላይ ተክሎ፣ «ፕሊስ፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

«አቶ አምሃ ይናገርላችሁ» አሉ። ሌላኛው ሽማግሌ ነው። «እሱ እዚያ አልሄደም፤ ያላየውን መመስከር ይችላል።»

«እንዴ! ምን ማለትዎ ነው? ዋናው ሽማግሌ ቀረ ሲባል ሰዎቹ ምን ይላሉ? ነገ በአራት ሰዓት ነው እኮ የሚጠብቁን!»

ካርዱን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖሩት። ከበርበሬ ከረጢቱ ላይ ተነሡ፤ መዳፋቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ።

«ጋሼ ፍስሐ! ቆይ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ! ፍሬአብ፣ አንተ ልጅ፣ ጫማቸውን ሳም በል! ጋሼ!»

ፍሬአብ ግማሽ ተነሣ፣ ግማሽ ቆመ። ጋሼ ፍስሐ በመካከላቸው አለፉ፤ የጓዳውን መጋረጃ በክንዳቸው ገፋ አድርገው፣ ደኅና ሁኑም ሳይሉ ወጡ።