ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመው የስለት ጃንጥላ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ቤት መጣ። ትከሻው ወልቆ ነበር። ምን ሆንክ ስለው የአሜሪካን ፉትቦል መጫወት ጀምሬያለሁ አለኝ። እኔ ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ውስጥ በካውንስል ኪራይ ቤት ብቻዬን ያሳደግኩት፣ ባስ እየነዳሁ ያስተማርኩት፣ ሲቪል ኢንጂነር እንዲሆንልኝ እንጂ ሄልሜት አጥልቆ ከሰው ጋር እንዲላተም አይደለም። ይህንኑ ነገርኩት፤ ድምፄ ሦስተኛ ቤት ሳይደርስ አልቀረም። እሱ አስጨርሶኝ፣ "እማ፣ ኳርተርባክ ነኝ እኮ፣ ወርዋሪው ነኝ" አለኝ። ይሄ የሚያጽናናኝ መስሎት ነው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ለደብራችን መልአክ ተሳልኩ። ልጄ ይህን ጨዋታ ትቶልኝ ትምህርቱን በሰላም ከጨረሰ፣ በሐምሌው ንግሥ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። ጨርቁ ከፋይ የሆነ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው። ከአንዲት የልብ ጓደኛዬ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ስለቱ የሰመረ መሰለኝ። ልጄ በጨዋታው አልቀናውም። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ተቀብሎ ለሚሮጡት ጓደኞቹ የሚወረውር፣ ቡድኑን የሚመራ ሰው ነው። የእኔ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀብለው ለባላጋራ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተቀያሪ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ የተቀያሪው ተቀያሪ። እሑድ አመሻሽ ላይ ይመጣል። እንዴት ነበር እለዋለሁ። "አልገባሁም" ይለኛል። አይዞህ እያልኩ ወጡን አሞቅለታለሁ። ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ ግን ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ልጄ አንገቱን በደፋ ቁጥር እኔ ተመስገን እል ነበር።

አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም። ጨዋታው እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ ወይ ቅዳሴ አለብኝ ወይ ሺፍት አለብኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስደግም ኖርኩ። ለሰው ሰርግና ክርስትና ስንት እሑድ ሺፍት እንደቀየርኩ እሱም ያውቃል። አንስቶብኝ ግን አያውቅም።

ጓደኛዬ ለፋሲካ አዲስ አበባ ስትሄድ ጃንጥላውን ገዝተሽልኝ ነይ አልኳት። ስለት ሳይደርስ ዕቃው አይገዛም፤ ይሄን ማንም ሰው ያውቀዋል። እኔ ግን የልጁ ነገር ያበቃ መስሎኝ ቸኮልኩ። ስታመጣልኝ ከነፕላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ከካፖርቶቼ ኋላ አቆምኩት።

ሰኔ ላይ ልጄ ትምህርቱን ጨረሰ። በዚያው ወር አንድ የጀርመን ፕሮፌሽናል ቡድን ተጫዋች ሊመለምል ባተርሲ አካባቢ ያለ ሜዳ መጣ። የተጠራው ልጄ አይደለም፤ የክፍል ጓደኛው ነው። ጓደኛው ሯጭ ስለሆነ የሚወረውርለት ሰው ያስፈልገዋልና ልጄን ለምኖ ይዞት ሄደ። ልጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለጓደኛው ወረወረለት። የሚመዘን እሱ ስላልሆነ ነው መሰለኝ፣ አንድም አልሳተም። አሠልጣኞቹ ጓደኛውን አመስግነው ሸኙትና የልጄን ስልክ ቁጥር ተቀበሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቡድኑ ወርዋሪ እጁ ተሰበረና ደወሉለት።

የሥራ ሸሚዜን እየተኮስኩ ነበር። "እማ፣ ኮንትራት ሰጡኝ" አለኝ። ስልኩ ገና እጁ ላይ ነው። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፤ ደግሜም አልኩት፣ የመጀመሪያው ስላልጣመኝ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቼ ለጓደኛዬ ደወልኩ። ትንፋሿ እስኪያጥር ሳቀች። "ትምህርቱን ጨርሷል አይደል? ግማሹ ደርሷል፣ እጀታውን ብቻ አስገቢ" አለችኝ። ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

በሁለተኛው ቀን ልጄ ሻንጣ ሲፈልግ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ሳሎን የመጣው ጃንጥላውን ታቅፎ ነው፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶት።

"ለእኔ ተስለሽ ነው?"

"አዎ" አልኩት። ምን ልበል? ለእሱ ነው የተሳልኩት።

"ሁሉም ተው ሲለኝ ያልተውኩት ለምን መሰለሽ? እናቴ እየጸለየችልኝ ነው እል ነበር" አለኝ። "እሑድ ንግሥ ነው አይደል? ሰኞ ከመብረሬ በፊት እኔው ተሸክሜ አስገባዋለሁ።"

እስከ እሑድ ድረስ እህል አልበላ አለኝ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስለት ሲገባ ምክንያቱ በማይክ ይነገራል፣ ሴቱ እልል ይላል። ታቦት ወጥቶ፣ ልጄ አጠገቤ ቆሞ፣ እኔ በውሸት እልል ልል ነው?

እሑድ ጠዋት ሁለታችንም ነጭ ለብሰን ባስ ያዝን፣ ጃንጥላው ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል። ኪልበርን ሃይ ሮድ እንደ ልማዱ ተጨናንቋል። ሹፌሩ ፍሬን ያበዛል፣ ሌላ ቀን ቢሆን እናደድ ነበር። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

"የተሳልኩት እንድትተው ነው" አልኩት።

"ምኑን?"

"ጨዋታውን። የመጀመሪያው ዓመት ላይ፣ ትከሻህ የወለቀ ጊዜ።"

ጃንጥላውን አየው፣ እኔን አየኝ። "አልገባሁም ስልሽ… ደስ ይልሽ ነበር?"

"አዎ። ደስ ይለኝ ነበር።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ሁለት ፌርማታ አለፍን። ይወርዳል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልወረደም። የእኔን ቁጣ አልወረሰም፤ ምነው በጮኸብኝ ብዬ ተመኘሁ።

ጃንጥላውን ግን አላስገባውም። ታቦቱ ሲዞር፣ የሌላው ሰው ስለት ሁሉ ተዘርግቶ ዘርፉ ሲወዛወዝ፣ እሱ የእኛን ከነፕላስቲኩ ብብቱ ሥር ይዞ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ከሩቅ አየሁት። እልል ሲባል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣልኝም።

ቤት እንደገባን ጃንጥላውን ቦታው መለሰው።

"ምን ልታደርገው ነው?" አልኩት።

"አሁን የእኔ ስለት ነው።"

"ምን ብለህ ተሳልክ?"

የቁም ሳጥኑን በር ዘግቶ ጀርባውን አስደገፈበት። "እናቴ አንድ ቀን መጥታ ስጫወት ካየችኝ፣ አስገባለሁ ብዬ" አለኝ። አልቅሼ የማላውቀው እኔ እንኳ አለቀስኩ። እሱ ሻንጣውን ማዘጋጀት ቀጠለ።

ሰኞ ኤርፖርት ሸኝቼው በቀጥታ ወደ ባሶቹ ዴፖ ሄድኩ። ሺፍት የሚያወጣው ሰውዬ ሻዩን እየጠጣ ነበር። የነሐሴን የመጨረሻ እሑድ ሆሊደይ ቡክ ማድረግ እፈልጋለሁ አልኩት። ሰውዬው ያውቀኛል፣ ቀና ብሎም አላየኝም።

"የቤተ ክርስቲያን በዓል ነው?" አለኝ።

"አይደለም" አልኩት። "ልጄ ይጫወታል።"