የመርሳ መካኒኮች

ወልድያ ላይ የኮሌጃችንን የቅርጫት ኳስ ቡድን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ጦርነቱ ጋብ ብሎ ኮሌጆች ሊወዳደሩ ነው ሲባል፣ ለማሟሟቂያ የሚገጥመን ቡድን ፍለጋ ገባን። አምበላችን ሐሰን፣ "አሠልጣኝ፣ ጠንካራ እንግጠም፤ አለዚያ ውድድሩ ላይ ጉድ እንሆናለን" አለኝ። እኔ ደግሞ ወራት ሙሉ ሲሸሹ የከረሙ ልጆች መጀመሪያ ማሸነፍ ይቅመሱ ብዬ የመርሳ መካኒኮችን መረጥኩ። ቀን ሙሉ መኪና ሥር የሚተኛ ሰው ምን ኳስ ይችላል?

መርሳ ወርደን በሃያ ነጥብ ረታናቸው። ቅርጫቱ ሥር ብቻቸውን ቆመው ይስታሉ! ልጆቼ እስከ ወልድያ እየዘፈኑ ተመለሱ። እኔም ሐሰንን፣ "አየህ?" አልኩት።

በሳምንቱ እነሱ መጡ። ጉራዬን ይይልኝ ብዬ ግቢውን በሰው ሞልቼዋለሁ። እነዚያው መካኒኮች ከመሀል ሜዳ ወርውረው አይስቱም! እኔ ከዳር እጮኻለሁ፣ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል፣ ሐሰን ራሱ ኳሱን ትቶ ይስቃል። በሠላሳ ነጥብ ተሸነፍን።

ሲያበቃ አለቃቸውን ጋሽ ታደሰን ጠጋ ብዬ፣ "ጋሼ፣ መርሳ ላይ ምን ነክቷችሁ ነበር?" አልኳቸው።

"እንግዳ አሸንፎ መሸኘትማ ነውር ነው" አሉኝ።

"ዛሬስ?"

"ዛሬማ እንግዶቹ እኛ ነና! እግዜር ይስጥልን።" ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። "ግን እናንተ አበዛችሁት። ለይምሰል እንኳ ትንሽ ብትከላከሉ ምን ነበረበት?"